ሳይሰበር የሚታጠፍ የአከርካሪ ሞዴል ከእንጨት አሠራር

ተማሪዎች ለሥነ ሕይወት ትምህርት ሠርተው የሚያመጧቸውን የአከርካሪ ሞዴሎች እዚህ ጅማ ለዓመታት ስመለከት ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ ከሁለት አንዱ ናቸው፤ ወይ ምርኩዝ ወይ መቁጠሪያ። ምርኩዙ ወፍራም ሽቦ ላይ ተሰክቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ይሰነጠቃል። መቁጠሪያው ደግሞ በክር የተሰካካ ነው፤ ከጠረጴዛ ሲያነሡት ተልፈስፍሶ ይንጠለጠላል። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው። አጥንቱ ተሠርቷል፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ግን ተረስቷል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከአጥንቱ ይልቅ በመገጣጠሚያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። የምንሠራው የአንድ ጎልማሳ ሰው አከርካሪ የሚያህል፣ 70 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሞዴል ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ኮላ እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው። በመጨረሻዋ ሌሊት ልትጨርሱት አትሞክሩ።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በራሳችሁ ጀርባ ላይ ፈልጉ

መጋዝ ከማንሣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ለዚህ ስጡ። ጓደኛ አጠገባችሁ ቢኖር ይቀልላል።

1. አንገታችሁን ደፍታችሁ ማጅራታችሁን በጣት ዳብሱ። ጎላ ብሎ የሚወጣው ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ የአንገት ሰባተኛው አጥንት ነው። ሁለት ጉብታዎች እኩል ሆነው ከተሰሟችሁ በሁለቱም ላይ አንዳንድ ጣት አድርጉና ቀስ ብላችሁ ቀና በሉ። ወደ ውስጥ የሚሸሸው ስድስተኛው ነው፤ ከጣታችሁ ሥር የሚቀረው ሰባተኛው።
2. ክንዳችሁን አውርዳችሁ ቁሙ። ጓደኛችሁ የትከሻችሁን ጠፍጣፋ አጥንት የታችኛ ጫፍ ይፈልግ፤ ከዚያ አግድም ወደ መካከል ሲመጣ የሚያገኘው የደረት ሰባተኛ አጥንት አካባቢ ነው።
3. ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ፣ የዳሌ አጥንት የላይኛ ጠርዝ ላይ አሳርፉ። አውራ ጣቶቻችሁ ከኋላ የሚገናኙበት ቦታ የወገብ አራተኛ አጥንት አካባቢ ነው።
4. በራሳችሁ እሺ በሉ፤ ከዚያ ራሳችሁን ግራና ቀኝ ነቅንቃችሁ እምቢ በሉ። እሺ የሚለው እንቅስቃሴ በዋነኛነት የሚካሄደው የራስ ቅል በአንገት አንደኛ አጥንት ላይ በተቀመጠበት መገጣጠሚያ ነው፤ እምቢ የሚለው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል። አንገታችን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ ከዚህች ከአንዲት መገጣጠሚያ ይመጣል።

አሁን ቁጥሩን ጻፉ። ከላይ ወደ ታች አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5። ከዚያ በታች 5 የዳሌ መሐል አጥንቶችና አብዛኛውን ጊዜ 4 የጭራ አጥንቶች አሉ። ድምሩ 33 ነው። ነገር ግን በዕድገት ጊዜ የዳሌ መሐሎቹ አምስቱ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ፤ የጭራዎቹም እንዲሁ። ስለዚህ የጎልማሳ አከርካሪ 26 አጥንት ነው። ፈተና ላይ 33 እና 26 የሚምታታበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚለያየው የሰውየው ዕድሜ ነው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ በፊደልና በቁጥር እንጠራለን፦ አ1 እስከ አ7፣ ደ1 እስከ ደ12፣ ወ1 እስከ ወ5። ይህን ምልክት እንጨቱ ላይ በእርሳስ ሳትጽፉ አንድም ቁራጭ አትቁረጡ። ደ5 እና ደ6 ከተደባለቁ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም።

የበግ አንገት ያለው ጥቅም። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ያልተፈለጠ የበግ አንገት እንዲሰጧችሁ ለምኑ። በመጥረቢያ ከተመታ አይረባችሁም። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ ድረስ ለሰዓታት ቀቅሉት፣ ፍቃችሁ በፀሐይ አድርቁት። በረኪና አትጠቀሙ፤ አጥንቱን ያሟሟዋል፣ ቆይቶ እንደ ጠመኔ ይፈረካከሳል። በግም እንደ ሰው ሰባት የአንገት አጥንት አለው፤ ቀጭኔም ያው ሰባት ነው። ከበጉ የምትማሩት የመገጣጠሚያዎቹን ቅርጽ ነው። ከአንገት በታች ግን ቁጥሩን አትቅዱ፤ በግ 13 የደረት አጥንት አለው። የሰው አጥንት ደግሞ ከየትም ቢሆን፣ ማንም ቢሰጣችሁ፣ አትንኩ።

## ደረጃ 2፦ የምትሠሩትን መገጣጠሚያ ዓይነት ለዩ

መገጣጠሚያ ማለት አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁሉም አይንቀሳቀስም። በሦስት ይከፈላል።

በጭረት የተሰፋ። የራስ ቅል አጥንቶች እንደ ተሰፋ ልብስ እርስ በርስ ተነክሰው ተያይዘዋል። በተግባር አይንቀሳቀሱም።

በልም አጥንት የተያያዘ። ጥቂት ይንቀሳቀሳል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ይህ ነው።

ፈሳሽ ያለበት። አጥንቶቹ ጫፋቸው በለስላሳ ልም አጥንት ተሸፍኖ፣ ዙሪያቸው በከረጢት ተከቦ፣ በውስጡ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። በብዛት የሚንቀሳቀሰው ይህ ነው፤ ስድስት ቅርጽ አለው፦

- ማጠፊያ፦ ክርን። እንደ በር በአንድ አቅጣጫ ይከፈታል፣ ይዘጋል።
- ኳስና ጎድጓዳ፦ ትከሻና ዳሌ። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞረው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል።
- ዘዋሪ፦ አ1 በአ2 ላይ። እንደ እንዝርት በአንድ ምሰሶ ዙሪያ።
- ኮርቻ መሰል፦ የአውራ ጣት ሥር። አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት መቆም የቻለው በዚህ ነው።
- ሞላላ፦ የራስ ቅል በአ1 ላይ፣ የእጅ አንጓም እንዲሁ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ጥቂትም ወደ ጎን።
- ተንሸራታች፦ በአከርካሪ አጥንቶች የኋላ ክፍል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ ፊቶች።

ከዝርዝሩ ውስጥ ለሞዴላችን የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ ዲስክ፣ ተንሸራታችና ዘዋሪ። በሁለት አጥንቶች መካከል ከፊት አንድ ዲስክ፣ ከኋላ ሁለት ተንሸራታች ፊቶች አሉ፤ አንድ ላይ ሦስት ማረፊያ ማለት ነው። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይወላወል የሚቆመው በሦስት ነጥብ ስለሚያርፍ ነው፤ አከርካሪም በየፎቁ እንደዚያ ነው። ተማሪዎች ዲስኩን ያስታውሳሉ፣ የኋላዎቹን ሁለቱን ይረሳሉ። መቁጠሪያ የሚሆነውም በዚህ ነው።

## ደረጃ 3፦ ዕቃ አሰባስቡ

- እንጨት። በጅማ አናጢ ቤቶች የዋንዛ ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ ብትለምኑ ይሰጧችኋል። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ በሞረድ ይታዘዛል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ባሕር ዛፍ ተዉት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የሚያስፈልጋችሁ ስፋታቸው 9 ሳንቲሜትር የሆኑ ሳንቃዎች ናቸው፦ ባለ 1፣ ባለ 1.5፣ ባለ 2 እና ባለ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት። ለዳሌ መሐል 12 በ10 በ5 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ጉማጅ ጨምሩ።
- ያረጀ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ፣ ከሦስት እስከ አራት ጥንድ። ለዲስክ።
- የብስክሌት ከመነዳሪ። ለጅማት።
- ባለ 4 ሚሊሜትር የናይለን ገመድ፣ 2 ሜትር።
- ሲባጎ፣ የቡና ጆንያ የሚሰፋበት። ለሕብለ ሰረሰር። ሐሙስ ገበያ ላይ ታገኛላችሁ፤ ወፍራሙን ምረጡ።
- የቀርከሃ ስንጣሪ፣ የእንጨት ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሞረድ፣ መሰርሰሪያ ከባለ 5 ሚሊሜትርና ከባለ 15 ሚሊሜትር መብሻ ጋር፣ ትናንሽ ምስማሮች።
- ለመቆሚያ አንድ ሳንቃና 80 ሳንቲሜትር ፌሮ።

ማስጠንቀቂያ። እንጨቱ ደረቅ መሆን አለበት። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ከዝናብ የገባ ሳንቃ በሁለት ቀን አይደርቅም። ቁራጩን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ቅዝቃዜው ከተሰማችሁ ገና እርጥብ ነው። ምድጃ አጠገብ አስቀምጣችሁ አታቻኩሉት፣ ይሰነጠቃል። ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ እርስ በርስ ሳይነካካ ደርድሩት።

## ደረጃ 4፦ አጥንቶቹን ቁረጡ

የሳንቃው ውፍረት የአጥንቱ ቁመት ይሆናል። ስለዚህ ቅርጹን የምትስሉት አጥንቱን ከላይ ወደ ታች ሲያዩት እንደሚታየው ነው።

1. በካርቶን ላይ ሦስት ቅርጽ አውጡ፤ አንድ ለአንገት፣ አንድ ለደረት፣ አንድ ለወገብ። እያንዳንዱ እንዲህ ነው፦ ከፊት ድፍን አካል፤ ከኋላው ቀዳዳውን የሚከብ ቀስት፤ ከቀስቱ ግራና ቀኝ የጎን ክንፍ።
2. የአካሉ ስፋትና ጥልቀት፦ አንገት 2.5 በ2፤ ደረት ከላይ 3 በ3 ጀምሮ ወደ ታች እያደገ 4 በ3.5፤ ወገብ 5 በ4 ሳንቲሜትር። ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ይወፍራል፣ ምክንያቱም የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል።
3. ከባለ 1.5 ሳንቃ አ3 እስከ አ7፣ ከባለ 2 ሳንቃ አ2 እና ደ1 እስከ ደ12፣ ከባለ 2.5 ሳንቃ ወ1 እስከ ወ5 ቁረጡ። አ1 ከባለ 1 ሳንቃ ነው፤ በደረጃ 7 እንመለስበታለን።
4. ቅርጹን ስታሳርፉ የእንጨቱ ጭረት ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ። ጭረቱ አግድም ከሆነ ቀስቱ በመጀመሪያው ግፊት ይሰበራል።
5. ከመጋዙ በፊት ብሱ። ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ በአካሉ መካከል፣ ለገመድ። ባለ 15 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከአካሉ ኋላ፣ ለሕብለ ሰረሰር። ሳንቃው ገና ሙሉ ሳለ ከተበሳ አይሰነጠቅም።

ሁለቱን ቀዳዳዎች አታምታቱ። ሕብለ ሰረሰር በአጥንቱ አካል ውስጥ አያልፍም፤ ከኋላው በቀስቱ ሥር ያልፋል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ በጣም ያማረ ሞዴል አምጥታ፣ ቢጫ ክሩን በአካሎቹ መካከል ሰክታው አየሁ። ልታስተካክለው ስትል ሃያ አራቱንም መፍታት ነበረባት። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ያየሁበት ቀን ይህን መመሪያ ለመጻፍ ወሰንሁ።

የገመዱ ቀዳዳ በእውነተኛው አጥንት ላይ የለም። ሞዴሉን ስታሳዩ ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የዳሌ መሐል። ጉማጁን ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ በሦስት ማዕዘን ቅረጹት፣ ወደ ኋላ ትንሽ አጉብጡት። በፊቱ ላይ አራት አግድም መስመር በመጋዝ ጫር አድርጉ፤ አምስቱ አጥንቶች የተዋሐዱባቸው ጠባሳዎች ናቸው። የላይኛው ፊት ወደ ፊት ዘንበል ማለት አለበት። ጠፍጣፋ ከተዋችሁት የወገቡ ጥምዘዛ ከሥሩ አይነሣም።

## ደረጃ 5፦ ቀስቱን አሳንሱ፣ ችካሎቹን ለጥፉ

ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው።

ቁራጩ ከሳንቃ ስለወጣ ቀስቱ እንደ አካሉ ወፍራም ነው። እንደዚያው ከተዋችሁት ቀስቶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው አከርካሪው ወደ ኋላ አይታጠፍም።

1. የእያንዳንዱን ቀስት ውፍረት በሞረድ ወደ ግማሽ አውርዱ። ከላይም ከታችም እኩል ፋቁ።
2. የኋላ እሾሁን፣ ማለትም በደረጃ 1 በጣት የዳበሳችሁትን ጉብታ፣ ከስስ እንጨት ለብቻ ቁረጡና ለጥፉ። የአንገቶቹ አጭር፣ ጫፋቸው ለሁለት የተሰነጠቀ፤ አ7 ግን ረጅምና ሳይሰነጠቅ። የደረቶቹ ረጅምና ወደ ታች ያዘነበለ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብ። የወገቦቹ ሰፊ፣ ወደ ኋላ ቀጥ ያለ፣ የመጥረቢያ ምላጭ የሚመስል።
3. ከቀርከሃው ስንጣሪ ችካል አዘጋጁ፤ የኋላዎቹን ሁለት ተንሸራታች ፊቶች የሚተካው ይህ ነው። ለአንገትና ለደረት ከቀስቱ 2 ሳንቲሜትር ወደ ላይ የሚወጣ፣ ለወገብ 3 ሳንቲሜትር። ለእያንዳንዱ አጥንት ሁለት።
4. ችካሉ የሚለጠፍበት ቦታ እንደየክፍሉ ይለያያል። ይህን በጥንቃቄ አንብቡ፦

በደረት፦ ችካሎቹን በቀስቱ የላይኛ ፊት፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ አስጠግታችሁ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ አቁሙ። ከላይ ያለው አጥንት ቀስት ከኋላቸው ይንሸራተታል፤ የሚነካካበትን ቦታ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉ። ደረት ግራና ቀኝ መዞር የሚችለው ፊቶቹ በዚህ አቅጣጫ ስለቆሙ ነው።

በወገብ፦ ችካሎቹን ከቀስቱ ውጭ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ለጥፉ። የላይኛው ቀስት በሁለቱ መካከል ይገባል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በነፃነት ይታጠፋል፣ ሊዞር ሲል ግን ችካሎቹ ይይዙታል። በእውነተኛው ወገብም እንዲህ ነው። ቡና ጫኞች ጆንያ አንሥተው ሲዞሩ እግራቸውን አዙረው ነው መዞር ያለባቸው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ወገብ ለመዞር አልተሠራም።

በአንገት፦ ችካሉን የኋላ ፊቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ እንዲያይ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አዘንብሉት። ከሦስቱ ክፍሎች በብዛት የሚንቀሳቀሰው አንገት ነው።

5. ኮላው ሙሉ ቀን ይደር። በክረምት ሁለት ቀን። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ነው፤ አንድ ሐምሌ ማታ በስድስት ሰዓት ውስጥ ደርቋል ብዬ ገመዱን ወጠርሁ፣ ጠዋት ስነሣ ሦስት ቀስቶች ተላቅቀው ወለል ላይ ነበሩ።

ችካል ከተሰበረ፦ ቁርጥራጩን በመብሻ አውጡና በቦታው አዲስ ለጥፉ። በኮላ ብቻ ጫፍ ለጫፍ አታገጣጥሙት፣ አይይዝም።

## ደረጃ 6፦ ዲስኮቹን ቁረጡ፤ ጥምዘዛው የሚገኘው እዚህ ነው

የአከርካሪ ጥምዘዛ አራት ነው። አንገትና ወገብ ወደ ፊት ይጎብጣሉ፤ ደረትና ዳሌ መሐል ወደ ኋላ። ተማሪዎች ይህን ጥምዘዛ ሽቦ በማጣመም ሊያመጡት ይሞክራሉ። አይመጣም፣ ቢመጣም አይቆይም። በሰውነታችን ውስጥ የአንገትና የወገብ ጥምዘዛ በአብዛኛው የሚመጣው ከዲስኮቹ ነው፤ ከፊት ወፈር፣ ከኋላ ሳሳ ይላሉ። የደረቱ ግን ከአጥንቶቹ ከራሳቸው ነው፤ ከፊት በትንሹ ያጥራሉ።

ዲስኮች 23 ናቸው። በራስ ቅልና በአ1 መካከል ዲስክ የለም፤ በአ1 እና በአ2 መካከልም የለም። የመጀመሪያው ከአ2 ሥር ይጀምራል፣ የመጨረሻው በወ5 እና በዳሌ መሐል መካከል ነው።

1. የነጠላ ጫማውን ስፖንጅ በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። ቢላዋውን ሳሙና ባለው ውኃ አርጥቡት፤ ደረቁ ቢላዋ ስፖንጁን ይቦጭቃል።
2. ስድስት የአንገት ዲስክ፦ ከፊት 6፣ ከኋላ 4 ሚሊሜትር።
3. አሥራ ሁለት የደረት ዲስክ (የደ12 እና የወ1 መካከሉን ጨምሮ)፦ ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር። በምትኩ ከእያንዳንዱ የደረት አጥንት የፊት ጠርዝ በሞረድ 1.5 ሚሊሜትር ፋቁ። ከዚያ አትለፉ፤ 3 ሚሊሜትር ብትፍቁ በአሥራ ሁለት ተባዝቶ ጎባጣ ሰው ይወጣል።
4. አራት የወገብ ዲስክ፦ ከፊት 13፣ ከኋላ 7 ሚሊሜትር።
5. አንድ የመጨረሻ ዲስክ፣ ከወ5 ሥር፦ ከፊት 16፣ ከኋላ 6 ሚሊሜትር። ከሁሉ ይበልጥ ሽብልቅ የሚመስለው ይህ ነው።
6. በእያንዳንዱ መካከል የገመድ ቀዳዳ በጋለ ምስማር ብሱ። መስኮት ክፈቱ፤ የስፖንጅ ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።
7. በእያንዳንዱ ፊተኛ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ተገልብጦ ከገባ ጥምዘዛው ይገለበጣል።

ዲስኮቹን ሁሉ አንድ ላይ ደርድራችሁ ለኩ። 14 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዳሌ መሐል በላይ ካለው ርዝመት ሩብ የሚጠጋ። በእውነተኛው አከርካሪም እንዲሁ ነው። ጠዋት ከማታ በትንሹ ረዘም የምንለው በዚህ ነው፤ ዲስክ ቀን በክብደት ሲጨመቅ ውኃ ያጣል፣ ሌሊት ተኝተን ይመልሳል።

አንዱን ዲስክ ለማሳያ ለብቻ ሥሩ። እውነተኛ ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት፣ መሐሉ እንደ ዝልግልግ ሙጫ የለሰለሰ ነው። ከከመነዳሪ ሦስት ቀለበት ቁረጡና አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡ፣ መሐሉ ላይ በውኃ የተሞላች ትንሽ ፊኛ አስቀምጡ፣ ከላይና ከታች የሳንቃ ቁራጭ አድርጉ። ከፊት በኩል ስትጫኑ ፊኛዋ ወደ ኋላ ትገፋለች። ከዚያ ከኋላ በኩል ቀለበቶቹን በምላጭ ሰንጥቁና ደግማችሁ ተጫኑ፤ ፊኛዋ በስንጥቁ ትወጣለች። ሰዎች «ዲስኬ ተንሸራተተ» ሲሉ የሚሆነው ይህ ነው። ዲስኩ ከአጥንቶቹ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አይንሸራተትም፤ የሚያፈተልከው መሐሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰውም ከወ4 እና ከወ5 ሥር ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው።

## ደረጃ 7፦ አትላስና አክሲስ

አ1 አትላስ፣ አ2 አክሲስ ይባላሉ። ሌሎቹን አይመስሉም፤ እንደ ሌሎቹ ከሠራችኋቸው አንገቱ አይዞርም።

1. አትላስ አካል የለውም። ከባለ 1 ሳንቲሜትር ሳንቃ ቀለበት ቁረጡ፣ የውስጡ ክፍተት ከፊት ወደ ኋላ 3 ሳንቲሜትር ይሁን። የጎን ክንፎቹን ሰፊ አድርጉ። የላይኛ ፊቱን ግራና ቀኝ እንደ ማንኪያ ጎድጉዱ፤ የራስ ቅል የሚያርፍበት ነው።
2. አክሲስ አካልና ቀስት አለው፣ ከአካሉ ላይ ደግሞ ወደ ላይ የቆመ ጥርስ። ከጠንካራ እንጨት 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ችካል ቅረጹ፤ 1.5 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ይውጣ፣ 1 ሳንቲሜትር በአካሉ ውስጥ ይቀበር። ጥርሱ ራሱ የሚተከልበት ቀዳዳ ከገመዱ ቀዳዳ ፊት ይሁን።
3. አትላስን ጥርሱ ላይ አሳርፉ። ጥርሱ ከቀለበቱ ፊተኛ ክፍል ይጠጋ።
4. ከከመነዳሪ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማሰሪያ ቁረጡ። ከጥርሱ ኋላ አግድም አሳልፉና ሁለት ጫፉን በቀለበቱ ውስጠኛ ጎን በትናንሽ ምስማር ያዙ። በሰው አንገት ውስጥ ጥርሱን ከሕብለ ሰረሰር የሚለየው ይህ ጅማት ነው። ከቀለበቱ ክፍተት ሲሶው ለጥርሱ፣ ሲሶው ለሕብለ ሰረሰር፣ ሲሶው ባዶ ነው።

ማስጠንቀቂያ። ገመዱን በጥርሱ ውስጥ ልታሳልፉ አትሞክሩ፤ ይሰነጠቃል። ገመዱ በአክሲስ አካል ያበቃል። አትላስ የሚያዘው በማሰሪያውና በጎኑ በምታስሯቸው ሁለት የከመነዳሪ ቁራጮች ነው።

አትላስ ከላላ፦ ማሰሪያውን አጥብቁ። ከጠበቀና ካልዞረ፦ ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ለስልሱት፣ ሰም ወይም የሻማ ቁራጭ ቀቡት።

## ደረጃ 8፦ ስኩና ወጥሩ

1. የናይለኑን አንድ ጫፍ ቋጥሩና ከዳሌ መሐል ሥር አስገቡ። ቋጠሮው የሚያርፍበት ጉድጓድ ቀድማችሁ አብጁ።
2. ከታች ወደ ላይ ስኩ፦ ዲስክ፣ ወ5፣ ዲስክ፣ ወ4። የዲስኩ ነጥብ ሁልጊዜ ወደ ፊት። እያንዳንዱን ስትሰኩ ችካሎቹ የላይኛውን ቀስት መያዛቸውን በጣት ፈትሹ።
3. አክሲስ ላይ ስትደርሱ ገመዱን ሳቡ፣ ግን ዲስኮቹ እስኪጨመቁ አይደለም። መለኪያው ይህ ነው፦ በዲስክና በአጥንት መካከል ወረቀት የማያስገባ፣ ስፖንጁንም የማያበጥ። ከዚያ ቋጥሩ።
4. ከከመነዳሪ 1.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ሰንበሮች ቁረጡ። አንዱን በአካሎቹ ፊት፣ ከላይ እስከ ዳሌ መሐል፤ ሁለተኛውን ጠባብ አድርጋችሁ በአካሎቹ ኋላ፣ በቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ በኩል። በየአካሉ በትንሽ ምስማር ያዙ፤ ምስማሩ የገመዱን ቀዳዳ እንዳይነካ።
5. ዳሌ መሐሉን ከመቆሚያው ሳንቃ ጋር በብሎን እሰሩ። ፌሮውን ከኋላ አቁሙና አትላስን ብቻ በላላ ክር ደግፉ።

የኋላውን ሰንበር ለማስገባት ጠባብ ስለሆነ ብዙዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት። ያለ እሱ ሞዴሉ ወደ ፊት ሲጎነበስ ከልክ በላይ ይሄዳል።

## ደረጃ 9፦ ሕብለ ሰረሰር

ወፍራም ሲባጎ ከላይ በአትላስ አስገቡና በቀስቶቹ ሥር ወደ ታች አሳልፉ። ወ1 እና ወ2 መካከል ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ በታች ሲባጎውን ፍቱና ጭረቱን በትኑት። በጎልማሳ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው እዚያ አካባቢ ነው፤ ከሥሩ የሚወርዱት የነርቭ ዘርፎች የፈረስ ጭራ ይባላሉ፣ የተበተነ ሲባጎም በትክክል ያንን ይመስላል። ሐኪሞች ከጀርባ ፈሳሽ ሲወስዱ ከዚህ በታች የሚወጉት ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ እዚያ ስለሌለ ነው።

ነርቮቹን በቀለም ክር አውጡ፤ 31 ጥንድ ናቸው፦ አንገት 8፣ ደረት 12፣ ወገብ 5፣ ዳሌ መሐል 5፣ ጭራ 1። የአንገት አጥንት ሰባት ሆኖ ነርቩ ስምንት መሆኑ ሁልጊዜ ያከራክራል። የመጀመሪያው ጥንድ ከአትላስ በላይ ይወጣል፣ ስምንተኛው ከአ7 ሥር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ከስሙ አጥንት ሥር ነው የሚወጣው።

## ደረጃ 10፦ ፈትኑት

ሞዴሉን ከመቆሚያው አውጥታችሁ ዳሌ መሐሉን በአንድ እጅ ያዙ።

- ከጎን ሲያዩት ቀጥ ካለ፦ ዲስኮቹ ተገልብጠዋል ወይም ገመዱ ከመጠን በላይ ተወጥሯል። መጀመሪያ ገመዱን አላሉ። ካልተስተካከለ ነጥቦቹን ፈትሹ።
- ወደ ኋላ ካልታጠፈ፦ ቀስቶቹ ይጋጫሉ። የሚነካካውን ፈልጉ፤ በሁለት ቀስቶች መካከል ወረቀት አስገቡ፣ የተያዘበት ቦታ ነው የሚፋቀው።
- ወደ ጎን ከተዝረከረከ፦ ችካሎቹ አጥረዋል። በረጅም ቀይሩ።
- ወገቡ ከዞረ፦ የወገቡን ችካሎች እንደ ደረት ለጥፋችኋል። ወደ ውጭ ጎን አዛውሯቸው።
- ደረቱ ካልዞረ፦ ተቃራኒው ሆኗል።
- ሲታጠፍ ከጮኸ፦ እንጨት ለእንጨት ይፋጫል። ፊቶቹ ላይ የሻማ ሰም እሹ። በሰውነታችን ይህን ሥራ የሚሠሩት ልም አጥንትና ፈሳሹ ናቸው።

ቀለም ከፈለጋችሁ ከፈተናው በኋላ ቀቡ፦ አንገትን በአንድ፣ ደረትን በሌላ፣ ወገብን በሦስተኛ ቀለም። ችካሎቹ የሚነካኩበትን ፊት አትቀቡ፤ ቀለሙ ይጣበቃል። በክረምት ሞዴሉን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩት፤ ግድግዳ ላይ ከአትላስ ሳይሆን ከአክሲስ ሥር አስራችሁ ስቀሉት። በወር አንድ ጊዜ ቋጠሮውን ዳብሱ፤ ናይለን ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ሲላላ ከላይኛው ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ሳብ አድርጋችሁ ደግማችሁ ቋጥሩ።